«ያበደ» የሚለው ቃል

ሸጎሌ ውስጥ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ሞተ፤ የሞተውም ምክራችንን ሰምቶ፣ አምኖና እንዳልነው አድርጎ ነው።

አጥናፉ ይባላል። የሚያሳድገው ቡችላ እጁን ነከሰው። ቡችላው ለሃጩን አላዝረበረበም፣ መንገደኛ አላባረረም፤ ነከሰውና ተመልሶ እግሩ ሥር ተኛ። አጥናፉ ቁስሉን በአረቄ ጠራርጎ ሥራው ገባ። ሚስቱ ጤና ጣቢያ ሂድ ብትለው የመለሰላት በእኛው ማስታወቂያ ነበር። «ያበደ ውሻ ነው የተባለው» አላት። ከሳምንታት በኋላ ውሃ መዋጥ አቃተው። እዚያ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ሐኪም ሊያደርግ የሚችለው ነገር የለም።

ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦ «ያበደ ውሻ ከነከሰዎት፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ!» ከፊቱ የውሻ ጩኸት አለ፤ ከኋላው የከበሮ ምት። ከተማው ውስጥ ሬዲዮ የሚከፍት ሰው ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። የጻፈችውም ያነበበችውም ዶክተር ሄርሜላ ናት። እኔ ሳሌም እባላለሁ፤ ድምፅ እቀርጽላታለሁ፣ ቪዲዮ እቆርጥላታለሁ፣ ስልኳንም የማነሳው እኔ ነኝ።

ሄርሜላ የሕክምና ዶክተር አይደለችም። ይህን የሰፈሯ ሰዎች እስካሁን አልተቀበሉትም፤ መንገድ ላይ አስቁመው ምላሳቸውን ያሳዩዋታል። ኤፒዲሚዮሎጂስት ናት። በሽታ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ፣ ለምን እዚህ ቀርቶ እዚያ እንደሚበረታ የምታጠና። ኩፍኝ በገባበት ገጠር ሁሉ ገብታለች፤ ኮሌራ በነበረበት ድንኳን ውስጥ ክረምት አሳልፋለች። ከእያንዳንዱ ስትመለስ ረጅም ሪፖርት ትጽፍ ነበር። ሪፖርቱን የሚያነቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ከሦስቱ አንዷ ራሷ ናት።

የኮሮና ጊዜ አለቃዋን ትኩሳት ያዘውና ሬዲዮ ጣቢያ እሷ ተላከች። «የሥርጭት ሰንሰለትን ስለ መበጠስ» የሚል ወረቀት ሰጥተዋት ነበር። ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ስለ ለቅሶ ድንኳን አወራች። ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ንፍሮውን ማን እንደሚያዞር፣ ዘግይቶ የመጣ ዘመድ ስንቱን አቅፎ እንደሚያለቅስ። በሽታውም የሚሄደው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው አለች። በዚያ ሳምንት ጉለሌ ውስጥ ድንኳን የሚያከራዩ ሰዎች ወንበሮቹን አራርቀው መደርደር ጀመሩ። እንዲያራርቁ ያዘዛቸው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ አልያዛትም። ለቀቀችና ከጳውሎስ ሆስፒታል ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ለጠፈችው። አሁን ቅዳሜ ጠዋት የራሷ ፕሮግራም አላት። ቲክቶክ ላይ ዘፋኝ የሚቀናበት ተከታይ አላት። ሠርግ ስትሄድ ሰው ሙሽራዋን ትቶ ከእሷ ጋር ፎቶ ይነሳል።

አሠራሯ ቀላል ነው። «አድማጭ እጁ ሥራ ላይ ነው» ትላለች። «አንድ ነገር ንገሪው። ምን እንደሚያደርግ ብቻ።» ለሥራ ስወዳደር ስለ ወባ የተጻፈ አንድ ገጽ ሰጥታኝ በአንድ ትንፋሽ እንዲያልቅ አድርጊው አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁሉንም ነገር ማርዘም ነበር ያስተማሩኝ። እሷ ጋ በአንድ ትንፋሽ ያላለቀ ይቆረጣል። ወደድኩት። እኔም ረጅም ነገር አልወድም።

የውሻው ማስታወቂያ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል።

ስህተቱ እንዴት እንዳመለጠን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። በአማርኛ የበሽታው ስም ራሱ «የእብድ ውሻ በሽታ» ነው። መጽሐፉም ፖስተሩም እንዲሁ ይለዋል። ውሻው ገና ሳያብድ በሽታውን በምራቁ ይዞ እንደሚዞር፣ ቡችላ ሲሆን ደግሞ ማበዱ ጭራሽ ላይታወቅ እንደሚችል ሄርሜላ ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን «ያበደ ውሻ» ብላ ስትጽፍ የበሽታውን ስም የጻፈች ነበር የመሰላት። አየር ላይ ከመዋሉ በፊት እንደ ልማዳችን ሞክረነዋል። የሞከርነው ግን ጳውሎስ ፊት ለፊት ካለው ካፌ ነው፤ ቅርብ ስለሆነ። ያስደመጥናቸው ሁሉ ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎችና የፋርማሲ ሠራተኞች ነበሩ። «ግልጽ ነው» አሉን። እነሱ የሰሙት በሽታውን ነው። አጥናፉ የሰማው ውሻውን ነው።

ይህን የነገረን ጉልላት ነው። የሄርሜላ የድሮ ባልደረባ ነው፤ እሷ ከለቀቀች በኋላም በሽታ ቅኝት ላይ ቀርቷል። ሰው በእንዲህ ያለ በሽታ ሲሞት ቤቱ ሄዶ ቤተሰቡን የሚጠይቀው እሱ ነው። ሲደውል ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት።

«ሄርሚ፣ ተቀምጠሻል?»

«ቆሜያለሁ። ተናገር።»

ተናገረ። የአጥናፉ ሚስት ያለችውን ቃል በቃል ደገመላት። ከዚያ «ይኼ ብቻ ቢሆን በስልክ አልነግርሽም ነበር» አለ። «ያው ቡችላ በዚያው ሰሞን የጎረቤት ልጅም ነክሷል። ቤዛዊት ትባላለች፣ ሁለተኛ ክፍል ናት። ደህና ናት፤ ትሮጣለች፣ ትበላለች፣ ምንም ምልክት የለም። ክትባቱ አለ፣ አረጋግጫለሁ። እናቷ ግን ሁለት ጊዜ መልሳኛለች።»

«ለምን?»

«አንቺ ስላልሽ።»

ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ጫማዋን ቀየረች።

«ምልክት ሳይጀምር ከተከተበች ትድናለች» አለችኝ ቦርሳዋን እያነሳች፤ ለራሷም ለእኔም። «ከጀመረ አትድንም። መቼ እንደሚጀምር ማንም አያውቅም። ነይ እንሂድ።»

ሚኒባስ ያዝን። ሄርሜላ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ አጣፍታ መስኮት ጋ ተቀመጠች። ወያላው በሩን ይዞ ሰው ይጠራል። «ሸጎሌ! ሸጎሌ! ግቡ እንጂ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ!» ተሳፋሪው ሳቀ። ሳምንት ሙሉ ሲያሾፍበት የቆየ ይመስላል። ሌላ ቀን ቢሆን እሷም ትስቅ ነበር፤ ወያላ ከቀለደበት ሥራው ተሳካ ማለት ነው ትላለች።

ለግዛቸው ደወለች። ግዛቸው ለማስታወቂያው የሚከፍለው ፕሮጀክት አስተባባሪ ነው፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ከረቫቱን የማያወልቅ።

«ማስታወቂያው ይቁም» አለችው፤ ምክንያቱንም ነገረችው።

እኔ አጠገቧ ስለሆንኩ ድምፁ ይሰማኛል። «በጣም ያሳዝናል» አለ። «ሐሙስ ስብሰባ አለን፤ አቀርበዋለሁ። አዲስ እንቀርጽና ጸጥ ብለን እንተካዋለን።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ይሄዳል፤ የተያዘ ሰዓት ነው። ስሚኝ ሄርሜላ፣ ተሳስተናል ብሎ ማወጅ ምን ይጠቅማል? ነገ ስለ ፖሊዮ ስትናገሪ ማን ያምንሻል? ስምሽ እኮ የአንቺ ብቻ አይደለም።»

እውነት ለመናገር ክርክሩ ባዶ አልነበረም። ስለ ክትባት የሚወራውን ወሬ ሁሉ በየቀኑ የማነበው እኔ ነኝ፤ አንዲት ቀዳዳ ካገኙ ምን እንደሚያደርጉባት አውቃለሁ። ሄርሜላም ታውቃለች። «ጸጥ ብለን ብንተካው» አለችው፣ «የመጀመሪያውን ያመነ ሰው መቀየሩን በምን ያውቃል?»

«ቀስ በቀስ።»

«ልጅቷ ቀስ በቀስ የላትም» አለችና ዘጋችው።

ጉልላት የከብት ገበያው ጫፍ ላይ ጠበቀን። በበጎችና በጭነት መኪኖች መካከል አቋርጠን ወደ ውስጥ ገባን። የቤዛዊት እናት ታየች ትባላለች። የበግ ገመድና ድርቆሽ የምትሸጥበት የቆርቆሮ ሱቅ አላት፤ ከሱቁ ጀርባ ይኖራሉ። ሬዲዮው ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ልጅቷ ድርቆሽ ላይ ተቀምጣ የገመድ ጫፍ ትፈታለች።

ታየች ጉልላትን ስታየው ቀና አላለችም። «መጣህ ደግሞ» አለች። «ዛሬ ሚስቶችህን ይዘህ ነው?»

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ታየች» አለች ሄርሜላ።

«ይመስገነው። ገመድ ነው ድርቆሽ?»

«ስለ ቤዛዊት ነው።»

«ነግሬዋለሁ እኮ።» ታየች በገመዱ ወደ ጉልላት ጠቆመች። «ዶክተሯ ያለችው ያበደ ውሻ ነው። ቡቺ አላበደም። ከእጄ ሲበላ ነው የኖረው።»

«አሁን የት ነው ቡቺ?»

«አይሱዙ ገጨው።»

«መንገድ ላይ ምን ወሰደው?»

«ቡችላ አይደል? ምን ያውቃል። እየተንገዳገደ ገባና...» ታየች ሳትጨርሰው ተወችው። ገመዱን ክርኗ ላይ መጠቅለል ጀመረች።

ጉልላት ጉሮሮውን ጠረገ። «ዶክተሯ እኮ ይቺው ናት።»

ታየች ሄርሜላን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «እሷ? ስልክ ላይ ወፈር ትላለች።»

«ስልክ ያወፍራል» አለች ሄርሜላ።

«ድምፅሽም ቀጭን ነው።»

«እሱን ደግሞ ሬዲዮ ያወፍረዋል።»

«እስቲ በይው።»

ሄርሜላ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ፣ ማይክ ፊት እንደምትቆመው ቆማ፣ በዚያ ከተማው በሚያውቀው ድምፅ አለችው። «ያበደ ውሻ ከነከሰዎት...» ልጅቷ ከድርቆሹ ላይ ብድግ ብላ አብራት ጨረሰችው፦ «ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ!»

«እሷው ናት» አለች ታየች፤ ከዚያ ጣቷን ቀሰረች። «ይኸው፣ ያበደ አልሽ። በራስሽ አፍ።»

«ተሳስቼ ነው።»

እንዲህ በፍጥነት ትለዋለች ብዬ አልጠበቅኩም። መግቢያ አልነበረውም። ታየችም አልጠበቀችም መሰለኝ፤ ገመዱ እጇ ላይ ቆመ።

«የሚያስፈራው ያበደው ብቻ አይደለም» አለች ሄርሜላ። «ውሻ ጤነኛ መስሎም በሽታውን ይሰጣል።»

«ቡቺ ውሻ አይደለም፣ ቡችላ ነው።»

«ቡችላም ውሻ ነው።»

«ደግሞ አልነከሳትም። ለከፍ ነው ያደረጋት። ሲጫወቱ ነው።»

«ደምታለች?»

«ትንሽ። ድኗል እኮ። ቤዚ፣ እጅሽን አሳያት።»

ልጅቷ እጇን ዘረጋች። አውራ ጣቷ ሥር ቀጭን ነጭ መስመር አለች። የእርሳስ ጭረት ነው ቢሉኝ አምን ነበር።

እኔ ትዕግሥት አልተሰጠኝም። «እትዬ» አልኩ፣ «አጥናፉ እኮ ሞቷል። ያው ቡችላ ነው የነከሰው።»

የታየች ፊት ተዘጋ። «አጥናፉን ምች ነው የመታው» አለችና ጀርባዋን ሰጠችን። ገመዱን አነሳች፣ ሰቀለች፣ ሌላ አወረደች። ሄርሜላ ዝም በይ የሚል ዓይን አሳየችኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ታየች ሞኝ አልነበረችም። ቡችላው ሲንገዳገድ አይታለች፤ አጥናፉ ሲሞት ጩኸቱን በቆርቆሮው በኩል ሰምታለች። ነገር ግን አንድ ቃል ይዛለች፤ ያ ቃል እውነት እስከሆነ ድረስ ልጇ ምንም አልነካትም። እኛ የመጣነው ቃሉን ልንወስድባት ነው። በምትኩ የምንሰጣት ፍርሃት ብቻ ከሆነ ለምን ትቀበለናለች?

ሬዲዮው ውስጥ ውሻ ጮኸ።

ሁላችንም ቀና አልን። ከበሮው መታ፤ የሄርሜላ ድምፅ ወፍሮና ተማምኖ ሱቁን ሞላው። «ያበደ ውሻ ከነከሰዎት...» እውነተኛዋ ሄርሜላ ድርቆሹ አጠገብ ቆማ ራሷን አዳመጠች። ታየች እጇን ዘርግታ ድምፁን ጨመረችው፤ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ከዚያ ቀነሰችው።

«ይኸው፣ ሁለት ሆንሽብኝ» አለች። «የትኛዋን ልመን? ያኔ የተሳሳትሽ ዛሬ ላለመሳሳትሽ ምን ዋስ አለሽ?»

«ዋስ የለኝም» አለች ሄርሜላ። ድርቆሹ ላይ ቁጢጥ አለች፤ አሁን ከታየች በታች ሆና ነው የምታናግራት። «ሁለቱን ስህተቶች ግን ላሳይዎት። ያኔ ስሳሳት፣ መሄድ የነበረበት ሰው ቤቱ ቀረ። ዛሬ ብሳሳት ደግሞ፣ መሄድ ያልነበረባት ልጅ ሄደች ማለት ነው። ክንዷን ትወጋለች፣ ታለቅሳለች፣ ከረሜላ ይገዙላታል። በቃ። ከሁለቱ የትኛው ስህተት ይሻልዎታል?»



«እኔ አልወጋም» አለች ልጅቷ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ» አለቻት እናቷ።

ጉልላት ቀስ ብሎ አየኝ። መርፌው ቢያንስ የሚወራበት ነገር ሆነ ማለት ነው።

«የአሁን ልጅ ዕድለኛ ነው» ብሎ ጀመረ፣ «መድኃኒቱ ቅርብ ነው፣ ወረፋም...»

«ቆይ አንተ» አለችው። ወደ ሄርሜላ ዞረች። «አሁን ያልሽኝን ለእኔ ብቻ ነው ያልሽው?»

«እስካሁን ለእርስዎ ብቻ።»

«እንግዲህ ስሚኝ። እዚህ ገበያ ያለው ሰው ሁሉ ያንን ነው የሚያውቀው።» በአገጯ ወደ ሬዲዮው ጠቆመች። «እኔ ልጄን ይዤ ስመላለስ፣ ዶክተሯ ያላለችውን ታደርጋለች ብለው ይስቁብኛል። መሳቁን ልተወው። ግን እውነት ከሆነ፣ እኔ ሱቅ ገብተሽ በሹክሹክታ የምትነግሪኝ ለምንድን ነው? ያኛውን በሹክሹክታ አላልሽውም። እዚያ የተባለ ነገር እዚያው ነው የሚመለሰው።»

«ሐሙስ ስብሰባ አለ፤ እዚያ ላይ...» አለ ጉልላት።

«ሐሙስ ገበያ ነኝ» አለች ታየች።

ሄርሜላ ተነሳች። ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ድርቆሽ አራገፈች። «መሳይ አሁን አየር ላይ ነው?» አለችኝ። መሳይ የምሳ ሰዓቱን የአድማጮች መስመር የሚያቀርበው ልጅ ነው።

«ነው።»

«ደውይለት።»

«ግዛቸው ይቆጣል።»

«ሐሙስ ይቆጣ።»

በእሷ ስልክ ደወልኩ። አዘጋጇን አውቃታለሁ፤ «ሄርሜላ ናት» ስላት ሌላውን ደዋይ ቆርጣ አስገባችን። መሳይ ደስ አለው። «ዶክተር፣ እንኳን ደወልሽ፤ ዛሬ ስለ ውሃ መቋረጥ ነበር የምናወራው፣ ሰው ተናዷል፣ አንቺ ታረጋጊልናለሽ» አላት። ስልኩ ወደ ሱቁ ሬዲዮ ሲጠጋ አፏጨ፤ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት። ሄርሜላ ስልኩን ይዛ ወጣች። በበጎቹ መካከል፣ ከበሩ ራቅ ብላ ቆመች። እኛ ውስጥ ቀረን። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በበሩ ይታየናል፤ ድምፁ ትንሽ ዘግይቶ ምስማሩ ላይ ከተሰቀለው ሬዲዮ ይመጣል።

«ሄርሜላ ነኝ» አለ ሬዲዮው። «የውሻውን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስህተት ነው። ያበደ ውሻ ብያችሁ ነበር፤ ያበደ የሚለውን ሰርዙት። ውሻም ይሁን ቡችላ፣ የራሳችሁም ይሁን የጎረቤት፣ የታመመም ይሁን ጤነኛ የሚመስል፣ ነክሷችሁም ይሁን ሲጫወት ለክፏችሁ፣ ጥርሱ ቆዳችሁን ከጫረ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሳትቸኩሉ እጠቡትና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቁስሉ ከዳነም ሂዱ። ወር ካለፈውም ሂዱ። ውሻው ከሞተም ሂዱ። ክትባቱ የሚያድነው በሽታው ሳይጀምር ነው።»

በአንድ ትንፋሽ አያልቅም። ሁለት ጊዜ ተነፈሰች። እኔ ጽፌ ባመጣው ኖሮ ወረቀቱን ትመልስልኝ ነበር። ታየች ግን ጭንቅላቷን ወደ ሬዲዮው አዘንብላ እያንዳንዱን «ይሁን» ስትከተል አየኋት፤ መውጫ የሚፈልግ ሰው በሮቹን አንድ በአንድ እንደሚገፋ። «ለክፏችሁ» ሲል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ወር ካለፈውም» ሲል ልጅቷን አየቻት።

«ዶክተር» አለ መሳይ፤ ድምፁ ተቀይሯል። «ይህን ያልሽው... እ... ማለቴ የተጎዳ ሰው ስላለ ነው?»

«አዎ። አንድ ሰው ሞቷል። የነገርኩትን አምኖ ነው የሞተው። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ዛሬ ውሻው አላበደም ብሎ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ስላለ ነው። እሱ ይነሳ።»

ኪሴ ውስጥ የእኔ ስልክ ይንቀጠቀጣል። ግዛቸው ነው። አላነሳሁትም። ደግሞ ደወለ፤ ከዚያ መልእክት ላከ፦ «ምን እየሠራችሁ ነው?» የሚመለስለት ነገር እዚያው አየር ላይ ነበር።

«አንድ አድማጭ አለን፣ ከሩፋኤል» አለ መሳይ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች አንዲት ሴት። «ዶክተር፣ ድመትስ?»

«ድመትም» አለች ሄርሜላ።

«የኔ ድመት ግን ከቤት አትወጣም።»

«ነክሳሻለች?»

«ጭራኛለች።»

«ዛሬ ሂጂ። ስትመለሺ ደውዪና ሄጄ ነበር በይኝ።»

ታየች እጇን ዘርግታ ሬዲዮውን አጠፋችው። ውጭ ሄርሜላ ያለ ድምፅ ማውራቷን ቀጠለች፤ አንድ በግ ቀሚሷን ያሸታል፣ በክርኗ ትገፋዋለች። አሁን ለሌላ ደዋይ ነው የምትመልሰው። እንደ ተጨነቀች ሰው አትመስልም። ሥራ ላይ ያለች ሰው ነው የምትመስለው።

ታየች ጉልላትን፣ ዓይኑን ሳታይ፣ «ሆድ ላይ ነው የሚወጉት?» አለችው።

«ክንድ ላይ።»

«ድሮ ሆድ ላይ ነበር። ወንድሜን ሲወጉት ይዤዋለሁ። በየቀኑ፣ እንደዚያ እየጮኸ።»

«ያ ቀርቷል። ክንድ ላይ ነው፤ በየቀኑም አይደለም፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የምትመላለሱት።»

«ታዲያ ይህን መጀመሪያ አትልም ነበር?»



ታየች ገመዱን ሁሉ መንጠቆው ላይ ሰቀለች። ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ነጠላ ለብሳ፣ የልጅቷን ጫማ ይዛ ወጣች። ቤዛዊት እግሯን አጥፋ ከድርቆሹ ሥር ልትሸሸግ ሞከረች። እናቷ ቁርጭምጭሚቷን ይዛ ጎተተቻት፣ ጫማውን አጠለቀችላት፣ ሳር ከፀጉሯ ላይ ለቀመችላት።

«እኔ አልወጋም አልኩ።»

«ሰምቻለሁ። ነይ።»

በሩ ላይ አንድ ሰውዬ ሁለት በግ እየጎተተ ደረሰ። «እትዬ ታየች፣ ገመድ ስጪኝ እስቲ፣ ይኼኛው ሊበጠስ ነው» አለ።

«ዘግቻለሁ።»

«በዚህ ሰዓት? ምን ሆነሽ?»

«ልጄን ውሻ ነክሷት ጤና ጣቢያ እየወሰድኳት ነው።»

«ያበደ ውሻ?»

«ሬዲዮ አትሰማም እንዴ አንተ» አለችው። እኛን በእጇ ወደ ውጭ ገፋች፣ ልጅቷን ክንዷን ይዛ አወጣቻት፣ የቆርቆሮውን በር በትከሻዋ ገፍታ ዘጋችው።